ሙሽሮች የሚወጡት ኮረብታ

በሕንድ አገር፥ በማሃራሽትራ ክፍል፥ ከፑኔ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጄጁሪ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ከከተማዪቱ በላይ ባለው ኮረብታ ራስ ላይ ኻንዶባ ለሚባለው አምላክ የተሠራ መቅደስ አለ። አገሩ የደከን ምድር ነው፤ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ የሄደው ማሊክ አምባር ታላቅ የጦር አለቃና እንደራሴ ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1626 ዓመት እስኪሞት ድረስ ስሙ የተጠራበት ነውና፥ ለአንባቢዎቻችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

የሂንዱ መምህራን ኻንዶባን ሺቫ ከሚባለው ታላቅ አምላክ መልኮች አንዱ ነው ይሉታል። እረኛውና ገበሬው ግን በፈረስ ተቀምጦ ሰይፍ የያዘ፥ ማኒና ማላ የሚባሉትን ክፉ አጋንንት የገደለ፥ እንደ ሰውም ሚስት አግብቶ በቤቱ ጭቅጭቅ የማይታጣበት ጌታ አድርጎ ያውቀዋል። ማሉ ኻን ብለው የሚያከብሩት እስላሞችም አሉ።

ወደ መቅደሱ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ብዙ ነው። አዲስ የተጋቡ ሙሽሮች ኑሮአቸውን ሲጀምሩ ወደዚህ መጥተው መሳለም የቈየ ልማዳቸው ሲሆን፥ ባል ሚስቱን አቅፎ ቢያንስ አምስት ደረጃ ተሸክሟት ይወጣል። ዘመዶች ከበታች ሆነው እየሳቁ ይቈጥራሉ። አምስቱን ከፈጸመ በኋላ ትንፋሹ ቢያጥረውና የቀረውን በገዛ እግርዋ እንድትወጣ ቢያወርዳት ማንም አይነቅፈውም።

በመንገዱ እኩሌታ ላይ መንገደኛው ከባናይ መቅደስ ይደርሳል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኻንዶባ የመጀመሪያ ሚስት ማልሳ የነጋዴ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከእርስዋ ጋራ በጨዋታ ተወራርዶ ተሸነፈና 12 ዓመት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፤ በስደቱም ሳለ ማንነቱን ሰውሮ ለአንድ ባለ መንጋ እረኛ ሆነ፥ የጌታውንም ልጅ ባናይን አገባ። ይዟት በተመለሰ ጊዜ ማልሳ ከጣውንትዋ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር አላድርም አለች። እርሱም ኮረብታውን ከሁለት ከፍሎ ላይኛውን ለማልሳ፥ ታችኛውን ለባናይ ሰጠ። ሽማግሌ ቢቀመጥበት ከዚህ የተሻለ ዕርቅ ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዛሬም ማልሳ በላይ ከባልዋ አጠገብ ስትሆን፥ ባናይ ግን ከተዳፋቱ ላይ ናት፤ ለእርሱ ሥጋ የሌለበት መሥዋዕት ሲቀርብለት፥ ለእረኛዪቱ የፍየል ሥጋ ይቀርብላታል።

ከላይ ሲደርሱ ሁሉ ነገር ቢጫ ነው። እኛ በአልጫ ወጥ የምንጨምረውን እርድ ሕዝቡ በእፍኝ እየዘገነ፥ «የልኮት፥ የልኮት፥ ጄይ ማልሃር» እያለ ወደ ሰማይ ይበትነዋል። ግንቡ፥ የመብራት ዐምዶቹ፥ በደጁ ያለው ትልቁ የናስ ኤሊ፥ የሰውም ጠጕር ሁሉ ወርቅ ይመስላል። እርድ በዚያ አገር ሙሽሮች የሚቀቡት ስለ ሆነ፥ ቀለሙ ለሙሽሮቹ ቀን የሚስማማ ነው። ቅጥሩን በ18ኛው መቶ ዓመት ያስፋፉት የሆልካር መሳፍንት ነበሩ፤ የዘራቸው አባት ማልሃር ራው ከእረኞች ወገን የተወለደ ነበርና የእረኞቹን አምላክ አልረሱትም።

በዚሁ እርድ ግን ሌላም ጋብቻ ይፈጸም ነበር። ስእለት ምን እንደ ሆነ ለአገራችን እናቶች መንገር አያስፈልግም። መካኖች የሆኑ ባልና ሚስት ወደ ኻንዶባ መጥተው፥ «ልጅ ብትሰጠን የመጀመሪያውን ለአንተው እንሰጣለን» ይላሉ። የተሰጠው ወንድ ከሆነ ቫግያ፥ ሴት ከሆነች ሙራሊ ትባላለች። ሙራሊዋን ገና ሕፃን ሳለች እርድ ቀብተው ከአምላኩ ጋራ ያጋቧታል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሌላ ባል ልታገባ አትችልም። ኑሮዋ በዘፈንና በልመና ነበር፤ ብዙዎቹም ለማንም ደፋር መጫወቻ ሆነው ቀሩ። ሴቶችን ለአማልክት መስጠትን የሚከለክል ሕግ በቦምቤይ ክፍል በ1934 ዓመት ወጣ፤ በ2005 ዓመት የማሃራሽትራ መንግሥት እንደ ገና ሌላ ሕግ ማውጣት ማስፈለጉ ፊተኛው እንዳልበቃ ያስረዳል። የተሳለው አባትና እናት ሳሉ ስእለቱን የከፈለችው ልጅ መሆንዋን ይህ ጸሐፊ በምንም ሚዛን ቢያኖረው አልስተካከልለት ብሏል።

ሙሽሮቹ ከኮረብታው ወርደው ቤታቸው ሲገቡ ቤተ ሰቡ ጃጋራን የሚባለውን የሌሊት ዘፈን ያሰናዳል። ቫግያው ከበሮውን ይመታል፤ የማልሳና የባናይ ጠብ እየተዘፈነ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ሙሽሪትም ከባልዋ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። በቀድሞው ዘመን ከፊትዋ ቆማ ቃጭልዋን እያቃጨለች ለትዳርዋ በረከት እስኪነጋ የምትዘፍንላት፥ ባል ማግባት የተከለከለችው ሙራሊ ነበረች።