እስረኛን መጠየቅ

እስረኛን መጠየቅ የጽድቅ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን «መጠየቅ» የሚለው ቃል እንደ ቅኔ ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ሰሙ መመርመር ነው፣ ወርቁ መጐብኘት ነው። ከወህኒ የወጣ ወይም ከመጠጥ ባርነት የተላቀቀ ሰው ወደ ሰፈሩ በተመለሰ ጊዜ የሚያገኘው የትኛውን ነው ቢባል፣ ወርቁ ቀርቶ ሰሙን ብቻ ነው። «ለምን ታሰርህ? ስንት ዓመት ተፈረደብህ? ዛሬስ በውነት አትጠጣምን?» የሚለው ብዙ ነው፤ «ዛሬ የት ታድራለህ? ምን ሠርተህ ትበላለህ?» የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ልማድ ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፣ «የለመደች ጦጣ ሁል ጊዜ ሽምጠጣ» ነውና ሰካራምና ሌባ አይታመንም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ንስሓ ገብቶ እንደ ገና የወደቀ እንደ ሆነ ንስሓው ከመጀመሪያውም የሐሰት ነበር ይላሉ። ሦስተኛ፣ ይቅር ቢባልም ከበር ቆሞ ያስቀድስ እንጂ ሌላውን ሊመክር አይገባውም ይላሉ። እነዚህ ሦስቱ ሲሰሙ ጥንቃቄ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን የእምነት ጉድለት ናቸው።

ይህን ነገር የሚያፈርስ ምስክር በአሜሪካ አገር ይገኛል። ጄሪ ማኮሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. በአየርላንድ ተወልዶ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቈጣጠር ናቸው) በልጅነቱ ወደ ኒውዮርክ የተሻገረ ሰው ነው። በዚያም መካሪ አጥቶ ሰካራምና በወንዝ ዳር መርከብ የሚዘርፍ ሌባ ሆነ። በ1857 ገና ወጣት ሳለ የ15 ዓመት እስራት ተፈርዶበት ሲንግ ሲንግ ወደሚባለው ወህኒ ገባ። ከዕለታት ባንድ እሑድ በወህኒው ጸሎት ቤት ኦርቪል ጋርድነር የሚባል ሰው ሊናገር ቆመ። ይህ ሰው ቀድሞ በቡጢ ግጥሚያና በክፉ ሥራ የታወቀ ነበር፤ ማኮሊም በክፋት ዘመኑ ያውቀው ነበር። ከሊቅ አፍ ቢሰማው ምናልባት እንደ ልማዱ ያሳልፈው የነበረውን ነገር ከቀድሞ ጓደኛው አፍ በሰማ ጊዜ ልቡ ተሰበረ። ወደ ክፍሉም ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ጀመረ፤ በጸሎትም ተግቶ ለእግዚአብሔር ተገዛ። በ1864 ምሕረት ተደርጎለት ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ሰው ንስሓ የገባ ክርስቲያን ሆኖ ከወህኒ ሲወጣ የሚቀበለው አንድ ክርስቲያን አላገኘም። እርሱ ታስሮ ሳለ በከተማው የተለመደ አዲስ ዐይነት ቢራ ነበረና፣ ይህ አይጎዳም ብለው ሰጡት። ጠጣ፤ የቀድሞው ጥማት ተነሣበት፤ ወደ ስካሩና ወደ ወንዝ ዳር ዝርፊያው ተመለሰ። ኋላም ራሱ ሲመሰክር፣ ያን ጊዜ አንድ የክርስቲያን ወዳጅ አግኝቶ ቢሆን የብዙ ዓመት መከራ ይቀርለት እንደ ነበረ ተናግሯል። የወህኒው በር ተከፍቶ ለቀቀው፤ የመጠጥ ቤቱም በር ተከፍቶ ተቀበለው፤ ተዘግቶ የቆየው የክርስቲያኖች በር ብቻ ነበር። እንግዲህ «ንስሓው የሐሰት ነበር» የሚሉት በማን ላይ እየፈረዱ ነው? ተክል ቢደርቅ «ውሃ ያላጠጣው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ፣ ዘሩ የሐሰት ነበር አይባልም።

ሁለተኛ ያነሣውም ክርክር አይደለም። አንድ ድኻ የወንጌል ሰባኪ አግኝቶት፣ ማኮሊ ካልሰረቅሁ የምበላው የለኝም ባለ ጊዜ፣ ከምትሰርቅስ ይህን የለበስሁትን ካፖርት አውልቄ በመያዣ አስይዝልሃለሁ አለው። ካፖርቱ ያረጀ፣ ዋጋውም ጥቂት ነበር፤ የማኮሊን ልብ ግን ገዛ። ከዚያም በኋላ መላልሶ ወደቀ፤ ወዳጆቹም መላልሰው አነሡት። በመጨረሻ ጸንቶ ቆመና በ1872 ከሚስቱ ከማርያ ጋራ በዎተር ስትሪት፣ ቀድሞ የጭፈራ ቤት በነበረ ቤት፣ ለሰካራሞችና ከወህኒ ለወጡ ሰዎች መጠጊያ ከፈተ። እርሱን ማንም ያልተቀበለበትን በር ለሌላው ራሱ ከፈተ ማለት ነው።

በ1882 ደግሞ በዚያው ከተማ ሳሙኤል ሀድሊ የሚባል ሰው በመጠጥ ብዛት ሊሞት ደርሶ፣ ራሱን ከመፍራቱ የተነሣ በእግሩ ሄዶ በፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማኮሊ ሲመሰክር ሰምቶ ተመለሰ። ማኮሊ በ1884 ከሞተ በኋላ፣ ከ1886 ጀምሮ የዎተር ስትሪትን ቤት የመራ ይኸው ሀድሊ ነው። ስለዚህ «የወደቀ ሊመክር አይገባውም» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ተፈጽሞ ቢሆን ጋርድነር ዝም ባለ፣ ማኮሊም ባልተነሣ፣ ሀድሊም በሞተ ነበር። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የተባለው ተረት በእነዚህ ሰዎች ላይ በግልጥ ታየ።

ምናልባት «ይህ የባዕድ አገር ነገር ነው፤ ሰዎቹም ከቤተ ክርስቲያናችን አይደሉም» የሚል ይነሣ ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ሰኔ 24 ቀን የሚነበበውን ስንክሳር ይስማ። ሙሴ ጸሊም ወይን ጠጪ፣ ቀማኛና ነፍሰ ገዳይ ነበረ። በአስቄጥስ ገዳም በመነኰሰ ጊዜ አባቶች ከበር አላቆሙትም፤ 500 የሚያህሉ መነኮሳት በዙሪያው ተሰብስበው አባት አደረጉት፣ ቅስናም ተሾመ። አንድ መነኵሴ በድሎ ጉባኤ በተቀመጠበት ጊዜም፣ የራሱ ኀጢአት ከኋላው እንደሚፈስ ሊያሳይ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ጉባኤውም ይህን አይቶ ለበደለው ይቅር አለ። የወደቀና የተነሣ ሰው ሲፈርድ እንዲህ ነው።

ጥንቃቄ አያስፈልግም የሚል ግን የለም። አዲስ የተመለሰን ሰው በመጀመሪያው ቀን የገንዘብ ሣጥን ቍልፍ ማስያዝ ፈተና መጨመር ነው። የዘመናችን ሐኪሞችም የመጠጥ ሱስ ደዌ መሆኑን ያስተምራሉ፤ ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ለነፍሱ የሚያሠጋ ሕመም ሊይዘው ይችላልና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ጸበሉና ጸሎቱ ሐኪሙን አይከለክሉም፤ ሐኪሙም ንስሓውን አይተካም። ነገር ግን ጥንቃቄ ሌላ ነው፣ በር መዝጋት ሌላ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ሥራ ከባድ አይደለም። የነፍስ አባት የሆነ ካህን የንስሓ ልጁ ከወህኒ የሚወጣበትን ቀን ይወቅ፤ በዚያም ቀን ከበሩ ቆሞ የሚቀበል አንድ ሰው ይላክ። ሥራ ያለው የከተማ ሰው ቢያንስ ለአንዱ የቀን ሥራ ይስጥ። በማኅበርና በዝክር ላይም መጠጥ የተወን ሰው «ለአፍህ ያህል ቅመስ፣ አንድ ብርሌ ምን ያደርግሃል?» እያለ የሚያስገድድ ሁሉ፣ ለማኮሊ ያንን ቢራ የሰጠው እጅ የእርሱ እጅ መሆኑን ይወቅ። ከመጠጥ የተላቀቀውም ሰው ጥቂት ጸንቶ በቆመ ጊዜ ገና በጭቃ ላለው ወንድሙ ይላክ፤ የወንድሙን ጕድጓድ መንገድ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቀው የለምና።