ድምፁ አርጅቶ ፊቱ ለምን ወጣት ሆነ?

የስዊድኑ ባንድ አባ «ቮዬጅ» የተሰኘውን አልበም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2021 ሲያወጣ፣ ከዚያ በፊት አዲስ አልበም ካወጣ 40 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። (ስሙ የአራቱ አባላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው እንጂ ከመነኮሳት ጋር ዝምድና የለውም።) በ1974 ብራይተን ላይ ዩሮቪዥንን ሲያሸንፍ የጨፈረ ጎረምሳ ዛሬ የልጅ ልጅ ያቅፋል።

አልበሙ እንደወጣ አንዳንድ ሐያስያን ዘመኑን አልዋጀም ብለው አብጠለጠሉት። ምን ይጠበቅ ነበር? ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የሃያ ዓመት ልጅ ምት ተውሰው ቢመጡ ኖሮ፣ መሳቂያ የሚሆኑት ያኔ ነበር።

የአልበሙ ትልቁ ዋጋ እርጅናውን አለመደበቁ ነው። የአግኔታና የአኒ-ፍሪድ ድምፅ ዝቅ ብሏል፣ ወፍሯል፤ የድሮው ከፍታ የለም። በምትኩ የኖረ ሰው ድምፅ አለ። «ኪፕ አን አይ ኦን ዳን» የሚለው ዘፈን ልጇን ለቀድሞ ባሏ ትታ የምትሄድ እናትን ይተርካል። የባንዱ አባላት ደግሞ ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም ትዳር የፈረሰው ባንዱ ገና ሥራ ላይ እያለ ነው። ይህን ዘፈን በሠላሳ ዓመታቸው እንዲህ አድርገው አይዘፍኑትም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም እኩል አይደለም። የገና ዘፈኑ ስኳር በዝቶበታል። «ጀስት ኤ ኖሽን» ደግሞ በ1978 የተቀዳ ድምፅ ላይ አዲስ ሙዚቃ የተደረበበት ነው። ቀጥሎ ለመጣው ነገር ፍንጩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሜይ 2022 ለንደን ውስጥ 3,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከፈተ። መድረኩ ላይ ያሉት አራቱ ሰዎች አይደሉም፤ በኮምፒውተር የተሠሩ፣ በ1979 የነበራቸውን መልክ የያዙ ምስሎች ናቸው። ለዚህ ሲባል ሽማግሌዎቹ አምስት ሳምንት በ160 ካሜራ ፊት ዘፍነዋል፤ የምስሎቹ እንቅስቃሴ ግን ከወጣት ተወዛዋዦችም የተወሰደ ነው። ከሚቀርቡት ዘፈኖች አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሲሆኑ ከአዲሱ አልበም የገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። በሥጋ የሚታየው ሙዚቃ የሚጫወተው አሥር ሰው ያለው ባንድ ነው፤ እሱን ግን ለማየት ብሎ ቲኬት የሚቆርጥ የለም።

ደጋፊዎች «ባለቤቶቹ ፈቅደዋል፣ የተታለለ ሰው የለም» ይላሉ። ልክ ናቸው። በ2012 ኮቼላ መድረክ ላይ ምስሉ እንዲዘፍን የተደረገው ቱፓክ ከሞተ 15 ዓመት አልፎት ስለነበር የጠየቀው አልነበረም፤ የአባ ሰዎች ግን በሕይወት እያሉ ወስነዋል። ነገሩ ግን በፈቃድ አያበቃም። አልበሙ ያረጀች ሴት መዘፈን ትችላለች፣ መደመጥም ይገባታል አለ። አዳራሹ ደግሞ መዝፈኗ ይሁን፣ የሚታየው ፊት ግን የሠላሳ ዓመቷ ይሁን አለ። ሙዚቃው ዓለም የተቀበለው የትኛውን እንደሆነ የቲኬቱ ሽያጭ ተናግሯል። ነገ ሌላ ባንድ ከረጅም ዝምታ በኋላ ሲመለስ፣ አዘጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው አዲስ ዘፈን ሳይሆን የድሮ ፎቶ ይሆናል። ዛሬ የሚጀምር ወጣት ዘፋኝ ደግሞ መቼም የማያረጅና ጉሮሮው የማይደክም ተፎካካሪ ይጠብቀዋል።

በመክፈቻው ዋዜማ፣ ሜይ 26 ምሽት፣ አራቱ ሰዎች ራሳቸው ከነሽበታቸው መድረክ ላይ ወጥተው ለታዳሚው እጅ ነሡ። በማግስቱ መድረኩ ለምስሎቹ ተለቀቀ።