«ፈራሁ» ወይስ «ሠራሁ»? ሄድፎን የምንመርጠው በማን ጆሮ ነው?

ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሄድፎን አጥልቄ፣ በሐኪምና በታካሚ መካከል አማርኛና እንግሊዝኛ አመላልሳለሁ። የድምፅ መሐንዲስ አይደለሁም። ያሉኝ ሁለት ጆሮዎችና ብዙ ሰዓት ናቸው፤ የምጽፈውም ከዚያ ተነሥቼ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መስመር ላይ ነበሩ። ዝርዝሩን መናገር ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ሐኪሙ ትናንት እንዴት እንደዋሉ ጠየቃቸው። «ትናንትማ ሠራሁ» ያሉኝ መሰለኝ። ልተረጉም አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ቅር አለኝና «ይቅርታ እናቴ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። «ፈራሁ ነው የምልሽ ልጄ፣ ፈራሁ!» አሉኝ። ደረቱን የሚያመው ሰው «ትናንት ሠራሁ» ሲልና «ትናንት ፈራሁ» ሲል ሐኪሙ የሚያስከትለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚለያይ መገመት አያቅትም። ያን ቀን ጆሮዬ ላይ የነበረው ሄድፎን ከ350 ዶላር በላይ የከፈልኩበት፣ ያየሁት ግምገማ ሁሉ «ድምፁ ልዩ ነው» ያለለት ነበር።

ጥፋቱ የሄድፎኑ ብቻ ነው አልልም። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ሽውታ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ስልክ ገና ከመነሻው የጎደለ ድምፅ ይሰጠናል። የእኔ ውድ ሄድፎን ግን በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛው ብሉቱዝ ነው። ብዙዎቹ የብሉቱዝ ሄድፎኖች ማይካቸው ሲከፈት ከሙዚቃ አሠራር ወደ ስልክ አሠራር ይዞራሉ፤ ያኔ ስቴሪዮው ይቀራል፣ ድምፁም ይጠብባል። ሙዚቃ ላይ ሲያንጎራጉር የነበረው ዕቃ ስብሰባ ላይ ቆርቆሮ የሚሆነው ለዚህ ነው። (አዳዲሶቹ እየተሻሻሉ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩም ሄድፎኑም አዲሱን አሠራር መቻል አለባቸው።) ሁለተኛው ቤዙ ነው። ቤዝ ሲበዛ የሰው ድምፅ ደረቱ ይወፍርና ከንፈሩና ጥርሱ ይደበዝዛል።

ታዲያ እነዚያ ሁሉ ገምጋሚዎች ዋሹ? አልዋሹም። የፈተኑት በራሳቸው ዘፈን ነው። ቤዙ ወለል በሚያንቀጠቅጥ የዳንስ ሙዚቃ ፈተኑት፣ አማራቸው፣ አማረን አሉ። እኛ ደግሞ በእነሱ ጆሮ ገዛን። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ሌላ ነገር ስንገዛ እንዲህ አንሞኝም፤ በርበሬ እንኳ ቀምሰን፣ አሽትተን ነው የምንገዛው።

በበኩሌ አሁን ሄድፎን የምፈትነው በበገና ነው። የዓለሙ አጋን የበገና ቅጂ እከፍታለሁ። በገና 10 አውታር አለው። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምንለው ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የታወቀ እዝዝ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። መሠረቱ ወፍራም ነው፣ እዝታው ግን ከላይ ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። ቤዝ የተጫነበት ሄድፎን ላይ ያ እዝታ ይጠፋና በገናው እንደ ሌሊት ፍሪጅ ይጎረንናል። ቀጭኑን ድምፅ ያለ ልክ የሚያጋንን ሄድፎን ላይ ደግሞ ዝንብ ይሆናል። ሁለቱም ተስማምተው ሲሰሙ፣ ድምፃዊውም ከበገናው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲሰማኝ፣ ያኔ ጥሩ ነው እላለሁ።

ከበገና ቀጥሎ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እሰማለሁ። የድሮ ቅጂ ነው፤ ከኖታው ኋላ የቴፑ ሹክሹክታ አለ። ሹክሹክታው መሰማት አለበት፣ ግን ከፒያኖው መቅደም የለበትም። ከዚያ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» እከፍታለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሳክስፎኑ ሲነሣ የማሕሙድን ቃል ይውጥብኛል ወይ? በመጨረሻ ደሴ ላለችው እናቴ እደውላለሁ። እማዬ ማይክ በመገምገም የሚያህላት የለም። ያንን ባለ 350 ዶላሩን «ምነው ልጄ፣ ጉድጓድ ገባሽ እንዴ?» ብላዋለች። አንድም ግምገማ ላይ ይህን አላነበብኩም።

ዋጋ ራሱ የድምፅ ማስረጃ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። ጄሮን ብሪባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ280 በላይ ሄድፎኖችን መለኪያ አነጻጽሮ፣ በዋጋቸውና በድምፅ አሰጣጣቸው መካከል ግንኙነት አላገኘም። ውድ የሆነው ገንዘቡን የሚያወጣበት ሌላ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ስሙ።

ከድምፅ ይልቅ ችላ የተባለው ግን ምቾት ነው። ግምገማ ላይ አንድ መስመር ነው የሚሰጠው፦ «በጣም ምቹ ነው»። ለማን ራስ? ለስንት ሰዓት? ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያጠለቁት ሁሉ ይመቻል፤ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ማታ ነው የሚታወቀው። የእኔ ዕቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላው አናቴ ላይ እንደ ጣት ተጭኖ ይወጋኝ ነበር። ሐኪሙ ሲናገር እኔ የማስበው አናቴን ነው፤ እንግዲህ «ፈራሁ»ን የሳትኩት በጆሮዬ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ክብደቱን ብቻ ማየትም አይበቃም። የሶኒው ደብሊው ኤች 1000 ኤክስ ኤም 5 250 ግራም ነው፤ የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ ወደ 385 ግራም ይጠጋል፣ ግን አናት ላይ ክብደቱን የሚያከፋፍል መረብ አለው። ቀላሉ አንድ ነጥብ ላይ ከተጫነ ከከባዱ ይልቅ ሊያሳምም ይችላል። ሌላው ግራና ቀኝ የሚጨምቀው ጉልበት ነው። መነጽር ለምናደርግ ሰዎች ይሄ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ትራሱ የመነጽሩን እግር ከጆሮ ኋላ ይጫነዋል፣ በዚያው ላይ ክፍተት ይፈጥራል። ትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ካልዘጋ ቤዙ በክፍተቱ ያመልጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ወይም አፍሮ ያሳደገ ልጅም እንዲሁ። ስለዚህ ምቾትና ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ያው ሄድፎን እኔ ራስ ላይና ገምጋሚው ራስ ላይ የተለያየ ዘፈን ይዘፍናል። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ላላችሁ ደግሞ የሰው ሠራሽ ቆዳ ትራስ ላብ እንደሚያጠራቅም የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም። የጨርቁ ይተነፍሳል፣ ግን የውጭ ድምፅ ያስገባል።

የውጭ ድምፅ ሲነሣ፣ ኖይዝ ካንስሊንግን ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል። ሐሳቡ ለአማር ቦስ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው እንደዚያ ባለ ወጥ ጉርምርምታ ላይ ነው፤ አውሮፕላን፣ ባቡር፣ ኤሲ። የጎረቤትን ወሬ አያጠፋም። እኔ የምደግፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባቡር ውስጥ ያለ ሰው የባቡሩን ጩኸት ለመብለጥ ሲል ድምፁን ሳያውቀው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ የተፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። የእኔ የሥራ ሳምንት ልክ 40 ሰዓት ነው። ከሥራ በኋላ የምሰማው ዘፈን፣ የባቡሩ መንገድ፣ የእማዬ ስልክ፣ ሁሉም ከዚያ በላይ ነው። እናንተም በሄድፎን ተማሩ፣ በሄድፎን ተሰብሰቡ፣ ማታ ደግሞ በሄድፎን ተዝናኑ፤ ሰዓታችሁን እስቲ ደምሩት። የሞተ የጆሮ ሴል ተመልሶ አይበቅልም።

ያንን ሄድፎን የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መለስኩት። ለምን እንደምመልሰው የሚጠይቀው ቅጽ ላይ «አይመችም» የሚል ምርጫ አልነበረምና «ሌላ» የሚለውን ነካሁ። አሁን ሥራ ላይ የማደርገው ባለ ገመድ ነው፤ ዋጋው ከዚያኛው ሲሶ አይሞላም፣ መልኩም አያምርም፣ የልጆቼ መሳቂያ ነው። ከመወሰኔ በፊት መነጽሬን አድርጌ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳላወልቀው ወጥ ሠራሁበት፣ ዜና ሰማሁበት፣ በገናውን ሰማሁበት። ከዚያ ደሴ ደወልኩ። እማዬ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «መጣሽ እንዴ?» አለችኝ። ከበር ላይ የምጠራት መስሏት ነው።