ያበደ የሚመስል ሕመምተኛ

ስመ ጥሩው የአሜሪካ ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሞት፥ ሐኪሞች አውቀውለት የነበረው ሕመም ፓርኪንሰን ብቻ ነበር። አስከሬኑ በተመረመረ ጊዜ ግን አንጎሉ ሌዊ ቦዲ በሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ጓሎች ተወርሮ ተገኘ።

ጓሎቹን አስቀድሞ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸ ፍሪትዝ ሌዊ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። የሚሠሩት አልፋ ሲኑክሊን ከተባለ ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮቲኑ በጤነኛም አንጎል ይገኛል፤ ጉዳት የሚያመጣው ቅርጹ ተበላሽቶ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ሲጠራቀም ነው።

አልዝሃይመር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከትዝታ ነው። የዚህኛው አመጣጥ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው የትናንቱን ነገር እያስታወሰ፥ በባዶ ክፍል ውስጥ ሕፃናትና እንስሳት ይታዩታል። ጧት እንደ ዳኛ ሲያመዛዝን የነበረው ከቀትር በኋላ ይፈዛል። ከብዙ ዓመት በፊትም በእንቅልፉ እየጮኸና እየተራገጠ ሚስቱን ይመታት ይሆናል።

ቤተ ሰቡ ይህን አይቶ «አበደ» ቢል አይፈረድበትም። የሚያስፈራው ሐኪሙም እንዲሁ ያለ እንደ ሆነ ነው፤ ለእብደት የሚታዘዘውን ሃሎፔሪዶል ያዝዝለታልና። መድኃኒቱ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ ያግዳል፤ የዚህ በሽተኛ ዶፓሚን ደግሞ ቀድሞውኑ የመነመነ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ ሊገተር፥ መዋጥ ሊያቅተው፥ ሊሞትም ይችላል።

ከሥሩ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሆኖም ሪቫስቲግሚንና ዶኔፔዚል ሐሳቡን ረጋ ሊያደርጉለት ይችላሉ። ስለ ሥልጠናና ስለ በጀት የምንከራከር ወጣቶች ልብ ልንል የሚገባን፥ እዚህ ላይ የጎደለው ውድ መሣሪያ አለመሆኑን ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ሚስቲቱን «ባለቤትዎ ሌሊት እንዴት ነው የሚተኙት?» ብሎ ቢጠይቃት፥ መጠርጠር ይጀምር ነበር።