«ዝም ብለሽ እይ!»

አራተኛ ክፍል እያለን ነው። ከመካከላችን አንዷ ከክፍል ልጆች ጋር ተሰልፋ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ገባች። በአንድ እጇ የምሳ ዕቃዋን፣ በሌላው የጓደኛዋን እጅ ይዛለች። አንበሳው ፍርግርጉን ታኮ ይመላለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሁሌም እዚያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ልጅት ግራ ገባት።

«ቲቸር፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚመላለሰው?»

«ዝም ብለሽ እይ!»

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «አንበሳ ሥጋ በል የዱር እንስሳ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ገለበጥን። ሸመደድን። ተፈተንን። አሥር ከአሥር አመጣን። አንበሳው ለምን እንደሚመላለስ ግን ማንም አልነገረን።

የዛሬው ጠባችን እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ቃላት ጋር ነው። ከአስተማሪው ጋር ጠብ የለንም፤ እሳቸውም በጊዜያቸው «ዝም ብለህ እይ» እየተባሉ ነው ያደጉት።

እስኪ ዙሪያችንን እንይ። በአንበሳ ስም ያልሰየምነው ነገር የለም። ሆስፒታላችን ጥቁር አንበሳ፣ አውቶቡሳችን አንበሳ፣ ጫማችን አንበሳ፣ ባንካችን አንበሳ። ሳንቲማችን ላይ አንበሳ አለ። ለገሐር አንበሳ ቆሟል፤ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ አንበሳ ተቀምጧል። ስለ ሕያው አንበሳ ግን ምን እናውቃለን? ሥጋ በል መሆኑን!

አንበሳ ግቢን አፄ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። መነሻዎቹ ሰባት አንበሶች ነበሩ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በዚህ ዓይነት አንበሳውና ዩኒቨርሲቲው የአንድ አደባባይ ጎረቤቶች ሆኑ። ሌሊት ለፈተና ሲያጠኑ የአንበሳ ግሣት የሰሙ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ስንት ይሆኑ? ሰምተው ደብተራቸውን ይዘው የመጡትስ?

እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥናት ወጣ። የአንበሳ ግቢ አሥራ አምስት አንበሶች ዘረመል ተመርምሮ፣ ለንጽጽር መረጃ ከተገኘላቸው የአንበሳ ዘሮች ሁሉ የተለዩ መሆናቸው ታወቀ። የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። እኛም ኮራን፤ «የእኛ አንበሳ እኮ ልዩ ነው!» አልን። ጥናቱን የመሩት ግን የጀርመንና የእንግሊዝ የምርምር ተቋማት ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱን አንወቅስም፤ እናመሰግናለን። የሚቆጨን ሌላ ነው። ያ አንበሳ ከስድሳ ዓመት በላይ ጎረቤታችን ሲያገሣ ኖሮ፣ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ለመጠየቅ ባሕር የተሻገረ ሰው ቀደመን።

«ላቦራቶሪ የለንማ!» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ለዘረመል ምርመራ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ለጥያቄ ግን ምን ያስፈልጋል?

ኦሃዮ ውስጥ ማያሚ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ (ፍሎሪዳ እንዳትሄዱብን!)። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ጋር ተጣምሮ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ሐበሻ የሞላባቸው የሲያትልና የዴንቨር ማቆያዎችም ገቡበት። ከተማሪዎቹ መካከል የትምህርት ቤት መምህራንና የማቆያ ሠራተኞች አሉ። ከፊሉን በኢንተርኔት፣ ከፊሉን እዚያው እንስሳቱ ፊት ይማራሉ። ዘዴው ጠይቆ መማር ነው፤ ተማሪው ራሱ ጥያቄ ያነሣል፣ ራሱ ተቀምጦ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያገኘውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ዓላማው የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው።

ሲንሲናቲ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ቁስል አላት። በአንድ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረ አንድ የእርግብ ዘር ነበር። እየታደነ አለቀ። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 እዚያው ማቆያ ውስጥ ሞተች። ዛሬ ተማሪ እዚያ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ «ምን ብናደርግ ሌላ ማርታ አትኖርም?» ብሎ መጠየቁ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛም ቁስል አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 አንበሳ ግቢ ውስጥ ቦታና ገንዘብ ስለጠበበ ደቦሎች እየተመረዙ እንደሚገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳቸውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እንደሚሸጥ የዜና አውታሮች ዘገቡ። አገር ጉድ አለ። ከዚያስ? ከዚያማ ረሳነው። ገንዘብ አልነበረም፣ እናምናለን። ነገር ግን በየሳምንቱ ደብተር ይዘው የሚመላለሱ ሠላሳ ተማሪዎች ቢኖሩ ኖሮ፣ እያንዳንዱን ደቦል በስሙ የሚያውቁ፣ የእናቲቱን የመውለጃ ጊዜ የሚመዘግቡ፣ «ቦታ ከጠበበ ለምን እንዲራቡ ይደረጋል?» ብለው የሚጠይቁ፣ ያ ነገር እንዲያ በዝምታ ይቀጥል ነበር ወይ?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንስሳት ሳይንስ አያስተምሩም አላልንም። ያስተምራሉ፤ በርሃና ተራራ ወጥተው የሚያጠኑ ጎበዝ መምህራንም አሉን፤ ባርኔጣችንን እናነሣላቸዋለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አንበሳ ባለበት ግቢ ውስጥ የሚሰጥ፣ ለባዮሎጂ አስተማሪዎች በር የሚከፍት፣ ከሀንድአውት ሳይሆን ከእንስሳው የሚጀምር የማስተርስ ኮርስ ለምን አይኖረንም? እ.ኤ.አ. በ2019 አንድነት ፓርክ ሲከፈት ጥቁር ጎፈር አንበሶች ታላቁ ቤተ መንግሥት ገቡ። ሄድን፣ አየን፣ ሰልፊ ተነሣን፣ ፖስት አደረግን። እስከ አሁን ያደረግነው ይኸው ነው። «ዝም ብለሽ እይ» ስልክ ገዝቶ መጣ ማለት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ደግሞ በሌላ በኩል ይመጡብናል። «ማቆያ እስር ቤት ነው። እስር ቤት ውስጥ ምን ትምህርት አለ?» ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ግማሹን እንቀበላለን። ፍርግርግ ፍርግርግ ነው። ነገር ግን ሰባ ዓመት ሙሉ አንበሳ ካሰርን በኋላ ቢያንስ እስሩ ምን እንዳደረገው የማወቅ ዕዳ የለብንም? ማንም ምንም የማይጠይቅበት ማቆያ በእርግጥ እስር ቤት ብቻ ነው።

ሌላው «ከአንበሳ ጋር ተቀምጦ ማስተርስ! ሥራ የት ይገኝበታል?» ይለናል። መልሳችን አጭር ነው። ይህን ኮርስ የጨረሰ የባዮሎጂ አስተማሪ ሥራ አለው፤ ሥራው ክፍል ውስጥ ነው። በፊቱ የተቀመጡት ስድሳ ልጆች ናቸው። ስድሳዎቹ ነገ ገበሬ፣ ሹፌር፣ ሐኪም፣ ባለሥልጣን ይሆናሉ። የባሌ ቀይ ቀበሮ በእብድ ውሻ በሽታ የሚያልቀው ከመንደር ውሾች እየተላለፈበት ነው፤ መድኃኒቱም ውሾቹን ማስከተብ ነው። ይህ የታወቀው ቀበሮውን ብቻ አድንቆ በማየት አይደለም፤ «በምን ሞተ?» ተብሎ ተጠይቆ ነው።

ወጪውስ? ለመጀመር እርሳስ፣ ደብተርና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ተማሪው ይቀመጥ። በየአምስት ደቂቃው አንበሳው ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ። ሥጋ ከመምጣቱ በፊት ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ከበላ በኋላስ? ሰው በበዛበት እሑድና ሰው በሌለበት ማክሰኞ ልዩነት አለው? አጥንት ወይም ግንድ ቢሰጠው ይቀንሳል? የሚጎበኙት ልጆች ሲገቡ ምን ያውቁ ነበር፣ ሲወጡስ ምን አወቁ? ይህ ሁሉ ቴሲስ ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የማይጠጣ፣ በማግስቱ የእንስሳውን ኑሮ የሚያሻሽል ቴሲስ!

የአራተኛ ክፍሏን ልጅ አልረሳናትም። ካደግን በኋላ ጥያቄዋን ይዘን ብንፈልግ ምን አገኘን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጥናት አውጥተዋል። በዱር ሳሉ ሰፊ አገር የሚያካልሉ ሥጋ በል እንስሳት በማቆያ ውስጥ ይበልጥ እንደሚመላለሱ አሳዩ። እግሩ ሰፊ አገር የለመደ እንስሳ፣ አገሩ ሲጠብበት፣ ያችኑ ጥቂት እርምጃ ደጋግሞ ይሄዳታል።

አያችሁ? የምሳ ዕቃ ይዛ የቆመችው ልጅ የጠየቀችው፣ የኦክስፎርድ ሰዎች የጠየቁትን ዓይነት ጥያቄ ነበር። እነሱን «እስኪ መርምሩት» አሏቸው። እሷን «ዝም ብለሽ እይ» አሏት። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ አንፈልግ።

ነገም አንዲት ልጅ ተሰልፋ ትገባለች። ፍርግርጉ ፊት ቆማ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ አጠገቧ የሚቆመው አስተማሪ እርሳሱን አውጥቶ «እኔም አላውቅም፤ ነይ አብረን እንቁጠር» የሚል እንዲሆን እንፈልጋለን። ያን አስተማሪ የሚያወጣልን ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው? ዝም ብለን አናይም፤ እየጠየቅን ነው።