በመኪና በሚቀረጽ እንጨት ላይ ስለ መደብ ጌጥ

ዛሬ የምንነጋገረው በቤታቸው ወይም በትንሽ ሱቃቸው እንጨት መቅረጽ ለጀመሩ ወጣቶች የሚጠቅም ነገር ነው። ነገሩ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሥራ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእርሱ ነው። ይኸውም ከፊደሉ ወይም ከሥዕሉ በስተኋላ ዝቅ ብሎ የሚቀረው ገጽ፥ ማለት መደቡ፥ በምን ዓይነት ጌጥ ይሞላ የሚለው ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ መኪናውን ለማያውቁት ጥቂት እንናገር። ሲ ኤን ሲ የሚባለው የመቅረጫ መኪና በኮምፒዩተር በኩል በሚሰጠው ቍጥር እየተመራ መቁረጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያስኬድ ነው። መነሻው የእንጨት ሥራ አልነበረም። ጆን ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ በሚሠራበት ጊዜ የመቁረጫን ጉዞ በቍጥር መምራት አሰበ፤ ከዚያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቍጥሩን ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ እየተቀበለ ብረት የሚቈርጥ መኪና ተሠርቶ ታየ። ዛሬ የዚያ መኪና ታናናሽ ወንድሞች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ሆነው በየሰፈሩ ይገኛሉ።

የእኅቴም ልጅ በእቁብ ገንዘብ እንዲህ ያለ ትንሽ መኪና ገዛ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ አንዷ በሰፈራችን ያሉ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ስማቸው የተቀረጸበት የዋንዛ ሰሌዳ በእልፍኛቸው ግድግዳ እንዲሰቀል አዘዙት። ልጁም በደስታ ተቀብሎ ስሙን ጎላ አድርጎ ቀረጸ፤ መደቡንም ባዶ መተው ስላልወደደ ከግራና ከቀኝ በሚተላለፍ ጥልቅ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሰሌዳውን ባመጣላቸው ጊዜ እማማ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት፥ በጣታቸውም ዳሰሱት። ከዚያም በዝግታ፥ «ልጄ፥ ሥራህስ ብዙ ድካም ያለበት ነው፤ የእርሱ ስም ግን ወዴት አለ?» አሉት።

በዚያው ማታ ወደ ቤቴ መጣ፤ ፊቱም ጠቍሮ ነበር። የተቀበለው ገንዘብ ለእቁቡ ተከፍሏል፤ ሌላ ጣውላ የሚገዛው ከኪሱ ነው። «ጋሼ፥ መኪናው ያዘዝሁትን ሁሉ ሳያጓድል አድርጓል፤ ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ?» አለኝ። እኔም፥ «ጥፋቱ መኪናው ያዘዝኸውን ሁሉ ሳያጓድል ማድረጉ ነው» አልሁት።

ይህን ያልሁት ለቀልድ አይደለም። በእጁ በመሮ የሚሠራ ጠራቢ መደቡን ሁሉ ልሸርክት ቢል ቀናት ይፈጅበታል፥ ክንዱም ይዝላል፤ ስለዚህ ድካሙ ራሱ መጠንን ያስተምረዋል። መኪና ግን አይደክምም። በአንድ ትእዛዝ ሺህ መስመር አውጣ ቢሉት ያወጣል፤ ይበቃል የሚል ቃል በውስጡ የለም። እንግዲህ መኪናው የሌለውን መጠን ሰውየው ማምጣት አለበት።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስለ ኖርሁ ነገሩን ከማውቀው አስረዳሁት። ማኅተም ለጽሑፍ ክብሩ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ በዝቶ በፊደሉ ላይ ቢያርፍ ዳኛው ማኅተሙን ያያል እንጂ ቃሉን አያነብም። የብራና ጸሐፊዎችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ሐረጉን በገጹ ራስጌና በዳር ይስሉታል እንጂ በፊደሉ ላይ አያስኬዱትም።

የመደብ ጌጥ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ጠፍጣፋው መቁረጫ መደቡን ሲያወርድ የሚተወውን ዱካ መሸፈን ነው። ሁለተኛው በጥቃቅን ጥላ መደቡን አጠቍሮ፥ ለስላሳው ፊደል ብርሃን ሲቀበል ከጥላው ተለይቶ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አልፎ የሚሄድ ጌጥ ለቅርጹ ባላጋራ ይሆንበታል። ከዚህ በኋላ ሁለታችን ተቀምጠን፥ በቍርጥራጭ ጣውላ ላይ እየሞከርን ያገኘነውን በየተራው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ። ጣውላው የደረቀና ያልጠመመ ይሁን። ዋንዛ በጥንካሬው መካከለኛ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ዝግባ ገጹ አንድ ዓይነትና ጸጥ ያለ ስለ ሆነ የመደብ ጌጥ በእርሱ ላይ በደንብ ይታያል። ወይራ ግን ጠንካራና ረቂቅ ቅርጽ የሚይዝ ቢሆንም የራሱ ጥቍር ሥር ብዙ ስለ ሆነ፥ በላዩ ሌላ መስመር ሲጨመር ዓይን ይደናገራል፤ ለወይራ መደቡን ሜዳውን መተው ይሻላል።

ሁለተኛ ስለ ጥልቀቱ። የጣውላው ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን መደቡን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ማውረድ ለስም ሰሌዳ ይበቃል። የመደቡ ጌጥ ደግሞ ከዚያ በታች ከ1 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል። የእኅቴ ልጅ የሳተው አንዱ በዚህ ነበር፤ የመስመሩ ጥልቀት ከፊደሉ ከፍታ ጋር እኩል ስለ ነበረ የትኛው ቃል፥ የትኛው ጌጥ እንደ ሆነ አልለይ አለ።

ሦስተኛ ስለ መቁረጫው፥ ሠራተኞች ፑንታ ስለሚሉት። ለመደብ ጌጥ ሁለት ዓይነት ይበቃል፤ አንዱ ጫፉ እንደ ኳስ የከበበ ነው፥ ሁለተኛው ጫፉ የሾለ ነው። ባለ ኳሱ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በመስመርና በመስመር መካከል 3 ሚሊ ሜትር ብንተው፥ በመካከሉ የሚቀረው ጉብታ ከፍታው 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በቀላሉ ነፋስ እንደ ነካው ውኃ ሆኖ ይታያል። ርቀቱን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብናጠብበው ግን ጉብታው 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን ገጹ ለስላሳ መስሎ ይቀራል፤ ጌጥም አይባልም።

ጫፉ የሾለው በ90 ዲግሪ የተሳለ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠልቅ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ይከፍታል። ስለዚህ መስመሮቹን በየ2 ሚሊ ሜትሩ ብናስኬዳቸው ጠርዛቸው ተገናኝቶ እንደ ቢላ ይሾላል፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ይልቁንም መስመሩ የእንጨቱን ጭረት ሲያቋርጥ እየተሰበረ ይረግፋል። በየ3 ሚሊ ሜትሩ ብናደርገው ግን በመካከሉ 1 ሚሊ ሜትር ሜዳ ስለሚቀር ጠርዙ ይጸናል፥ ዓይንም ያርፋል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ግን ነጠብጣብ ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ኳስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ገብቶ ሲወጣ 3.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ጎድጓዳ ይተዋል። እነዚህን በየ4 ወይም በየ5 ሚሊ ሜትሩ፥ ነገር ግን ሰልፍ ሳያስይዙ መበተን ነው። ሰልፍ የያዘ ነጥብ ዓይንን ወደ ራሱ ይጠራል፤ የተበተነ ነጥብ ግን ዝም ይላል። እጅ የቀረጸው የሚመስል ጭረት የሚሻም ይገኛል። ለምሳሌ ቪካርቭ በሚባለው ፕሮግራም ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አለ፤ ትልቁንና ትንሹን ጥልቀት፥ የጭረቱን ርዝመት፥ ርቀቱን፥ ማዘንበያውን፥ ደግሞም ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው የሚለያዩበትን መጠን ይጠይቃል። ልዩነቱ ጥቂት ሲጨመርበት የመኪናው ድርቅና ይለዝባል።

አራተኛ ስለ ወሰኑ። ባለ ኳሱ መቁረጫ እስከ ፊደሉ ሥር ድረስ ከተላከ የፊደሉን ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ ከፊደሉ ቢያንስ የመቁረጫውን ስፋት እኩሌታ፥ ማለት ለ6 ሚሊ ሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር፥ በላዩም ሌላ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ተርፎ ባዶ ይተው። ይህ ባዶ መንገድ ጉድለት አይደለም፤ ፊደሉን ከቦ የሚያከብረው እርሱ ነው። በሁለት ፊደላት መካከል መቁረጫው የማይገባበት ጠባብ ቦታ ቢገኝ ሜዳውን ይቅር፤ ባዶ ቦታ ሁሉ ይሞላ የሚል ሕግ የለም።

አምስተኛ ስለ ቅደም ተከተሉ። አስቀድሞ መደቡን በጠፍጣፋው መቁረጫ ማውረድ፥ ከዚያ ጌጡን መሥራት፥ በመጨረሻም ሰሌዳውን ዙሪያውን መቍረጥ ነው። ጣውላው በጥቂቱ ቢጠምም እንኳ መደቡን ራሱ መኪናው ስላወረደው ከመኪናው ጉዞ ጋር የተስተካከለ ነው፤ ስለዚህ ጌጡ በሁሉም ስፍራ እኩል ይጠልቃል። ባልወረደ ገጽ ላይ ግን ጣውላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያጋድል ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ጌጥ በአንድ ወገን ይጠፋል። መቁረጫው በተለወጠ ቍጥር ከፍታው የሚነሣበትን ዜሮ እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል፤ አዲሱ መቁረጫ ከፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ጌጡ 1 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፥ ቢያጥር ደግሞ በአየር ላይ ይሄዳል።

ስድስተኛ ስለ ጊዜው። 300 በ200 ሚሊ ሜትር በሆነ መደብ ላይ መስመሩን በየ3 ሚሊ ሜትሩ ብናስኬድ የመቁረጫው መንገድ 20 ሜትር ያህል ነው፤ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ 60 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 1500 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ ፊተኛው ከ13 እስከ 14 ደቂቃ ሲፈጅ ሁለተኛው 40 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ መካከል መብራት ቢቋረጥ መኪናው የነበረበትን ስፍራ ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ መደቡን ማውረዱንና ጌጡን ለየብቻ ከፍሎ ማዘዝ፥ የመነሻውንም ነጥብ በጣውላው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ብልኅነት ነው።

ሰባተኛ ስለ ብርሃኑ። የመደብ ጌጥ የሚታየው በጥላ ነው፤ ብርሃን መስመሩን በጎን ሲያቋርጠው ጥላው ይወጣል፥ በመስመሩ ርዝመት ሲመጣበት ግን ይጠፋል። ስለዚህ ጀማሪው ከመቅረጹ በፊት ሰሌዳው የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሄዶ ይይ። እማማ ቤት መስኮቱ ከሰሌዳው በስተግራ ነው፤ ለዚያ ቤት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይስማማል፥ ነጠብጣብ ደግሞ ከየትም በኩል ብርሃን ቢመጣ ጥላውን ይይዛል።

በመጨረሻ ስለ ማጠናቀቁ። የብርጭቆ ወረቀት የሚነካው የፊደሉን አናት ብቻ ነው፤ መደቡን ግን በብሩሽ ጠርጎ መተው ይገባል፤ የፈተጉት እንደ ሆነ ጌጡን ያጠፋዋል። ጠቈር ያለ ቀለም በመደቡ ቀብቶ ከደረቀ በኋላ የፊደሉን አናት ብቻ በወረቀት ቢያነጡት ስሙ ከሩቅ ይነበባል። ከዚህ በኋላ ቫርኒሹ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ከበዛ በጎድጓዶቹ ተኝቶ ይሞላቸዋል። ሠራተኛውም በሥራው ጊዜ ዓይኑን በመነጽር፥ አፍንጫውንና አፉን በመሸፈኛ ይጠብቅ፤ የእንጨት ትቢያ ለሳንባ ጠንቅ ነውና።

ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ግን በቍርጥራጭ ጣውላ ላይ አንድ ፊደል ቀርጾ፥ ጥቂት መደብ ከበበው አድርጎ፥ አምስት እርምጃ ርቆ ይመልከተው። ፊደሉን ከጌጡ በፊት ካየ ይቀጥል፤ ጌጡን አስቀድሞ ካየ ይቀንስ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ለሙከራ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ከሚባክነው ጣውላ ይረክሳል።

የእኅቴ ልጅ ሌላ ዋንዛ ገዝቶ ሰሌዳውን እንደ ገና ቀረጸው። በዚህ ጊዜ መደቡን በተበተነ ነጠብጣብ ብቻ፥ ያውም ከፊደሉ ራቅ አድርጎ ሠራው። የፊተኛው ሥራ ሁለት ሰዓት ሲፈጅ ይህ ከአንድ ሰዓት አላለፈም። እማማ ሰሌዳውን ተቀብለው እንደ ፊተኛው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውም ከፊደል ወደ ፊደል ሲሄድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ስሙን ጨርሰው ሲያነቡ ሰሌዳውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት እንጂ ስለ መደቡ አንዳች ቃል አልተናገሩም። ልጁም በመንገድ ላይ፥ «ጋሼ፥ መደቡን አላዩትም» አለኝ። እኔም፥ «እንግዲያውስ በደንብ ሠርተኸዋል» አልሁት።