ጄቱን ሼር ከማድረግህ በፊት ሞተሩን ማን እንደፈተሸው ጠይቅ

ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍልህ ወገኔ፣ አትቀየመኝ።

ሱ-27 ቢሾፍቱ ሰማይ ላይ ሲያገሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲለቀቅ ቀድመህ ሼር የምታደርገው አንተ ነህ። ባንዲራና አንበሳ ትደረድርበታለህ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ቀን እንኳ «ያ ሞተር አውሮፕላኑ ላይ ከመገጠሙ በፊት ማን ፈተሸው? የት? በማን ፊርማ?» ብለህ ታውቃለህ? እኛ ጀግና የምንለው አብራሪውን ብቻ ነው። አብራሪው ግን የተቀመጠው ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው «ይገጠም» ብሎ በፈረመበት ሞተር ላይ ነው።

የጦር ጄት ሞተር ታድሶ ሲወጣ ዝም ብሎ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ አይከተትም። መጀመሪያ ወፍራም ግድግዳ ባለው መፈተሻ ክፍል ውስጥ ከብረት ማቀፊያ ጋር ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ይነሳል። ከዝቅተኛው ዙር እስከ ሙሉ ጉልበት፣ ቀጥሎም አፍተርበርነሩ በርቶ ነበልባል እስኪተፋ ድረስ ይነዳል። ምን ያህል እንደሚገፋ፣ ስንት ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ የሚወጣው ጋዝ ስንት ዲግሪ እንደሚግል፣ የዘይቱ ግፊት፣ ንዝረቱ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ሲበርድ ደግሞ ቦርስኮፕ የምትባል፣ ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ ትገባና ብሌዶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ዘይቱም ተቀድቶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል። ብናኙ ከበዛ ውስጥ የሆነ ኩሽኔታ እየተበላ ሊሆን ይችላል። የሱ-27ቱ ኤኤል-31ኤፍ እያንዳንዱ በአፍተርበርነር 12.5 ቶን ገደማ ይገፋል፤ አውሮፕላኑ ሁለት አለው። እዚያ ውስጥ የተሰነጠቀ ብሌድ ምን እንደሚያደርግ አስበው።

አንድ ለእኛ የተለየ ነገር ደግሞ አለ። ቢሾፍቱ ከባህር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት በባህር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሞተር እንኳ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥህም። የተነበበው ቁጥር በዕለቱ ሙቀትና የአየር ግፊት ተሰልቶ ወደ መደበኛው ሁኔታ፣ ማለትም ወደ ባህር ወለልና 15 ዲግሪ ይመለሳል። ያኔ ነው ሞተሩ ደክሟል ወይስ አየሩ ስስ ሆኖ ነው የሚለው የሚታወቀው። ይህን በቅጡ የማያሰላ ሰው ወይ ጤነኛውን ይጥላል ወይ የታመመውን ያሳልፋል። የታመመውን ይዞ የሚነሳው ያንተ ወንድም ነው።

«ፈረንጆቹ እንዲህ አይሳሳቱም» እንዳትለኝ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አሪዞና ውስጥ፣ ሉክ የአየር ኃይል ሰፈር፣ አንድ የኤፍ-35 ሞተር መሬት ላይ ለፍተሻ ሲነሳ የተረሳ የእጅ ባትሪ ዋጠ። አዎ፣ የእጅ ባትሪ! ኪሳራው 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የጎደለው ዕቃን መቁጠር ነው፣ ሌላ አይደለም። እኔን ያስቀናኝ ግን ጄቱ አይደለም። መርምረው፣ ጥፋቱን ጽፈው፣ ሪፖርቱን ለሕዝብ ማውጣታቸው ነው።

ህንድን ደግሞ ተመልከት። በ1989 «ካቬሪ» የተባለ የራሷን የተዋጊ ጄት ሞተር ልትሠራ ተነሳች። በ2010 የከፍታ ሙከራ ሲያስፈልገው ሞተሩ ተጭኖ ሩሲያ ሄደ፤ እዚያ ኢል-76 ላይ ተሰቅሎ ተፈተነ። ቴጃስ የተባለው ጄቷ እስከ ዛሬ የሚበረው በአሜሪካው ኤፍ-404 ነው። በ2021 ካዘዘቻቸው 99 ሞተሮች የመጀመሪያው የደረሳት በ2025። ያን ያህል ምሁር፣ ያን ያህል ገንዘብ ያላት ህንድ ናት'ኮ!

እኛስ? «ፀሐይ» በ1935 አዲስ አበባ ላይ ተሠራች ብለን እንኮራለን፣ ያኮራልም። ሞተሯ ግን ከውጭ ነው የመጣው። በ2024 ከጣሊያን ስትመለስ ሁላችንም ፎቶዋን ለጠፍን። ስለ ሞተሯ የጠየቀ አንድ ኮመንት አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መካኒካል ነው የተመረቅኩት። ሥራ የለኝም። ተርባይን ያየሁት በፕሮጀክተር ነው። ላባችን ውስጥ አንዲት ትንሽ የጋዝ ተርባይን ነበረች፤ ሰንሰሯ ተበላሽቷል ተባለና የሙከራውን ውጤት ካለፈው ባች ሪፖርት ገልብጠን አስገባን። ሁላችንም አለፍን። ስንወጣ ተሳስቀናል። አሁን ሳስበው ያን ቀን የተለማመድነው ባልለካነው ቁጥር ላይ መፈረምን ነው። ይህን ማንም የውጭ ጠላት አላደረገብንም። እኔ በእጄ ገልብጬዋለሁ። አንተም ገልብጠሃል፣ አንዋሽ።

«ሥራ ፈት ሆነህ ስለ ጄት ሞተር ምን አገባህ?» የምትለኝ አትጠፋም። ሥራ ፈት ስለሆንኩ ነው የሚያገባኝ! ቢሾፍቱ ላይ ደጀን አቪዬሽን አለ። ቦሌ ላይ አየር መንገዱ የራሱ የሞተር መፈተሻ አለው። ማለትም ነገሩ ከአበሻ እጅ በላይ አይደለም፤ የሚችሉ እጆች እዚሁ አሉ። ታዲያ ያ እውቀት ለምን ወደ እኛ ላብ አይወርድም? ዕድሜው ያለቀ ሞተር ተቆርጦ በየግቢው ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ጡረታ የወጣ የሞተር ቴክኒሻን ለአንድ ሴሚስተር ተጠርቶ «ንዝረቱ እዚህ ሲደርስ አጥፋ» ብሎ ቢያስተምር ስንት ያስወጣል? ለሰልፍ ቲሸርት ከምናዋጣው አይበልጥም።

እንግዲህ ዛሬ ላይክ አልፈልግም። ኢንጂነሪንግ የተማርክ፣ የተማርሽ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቦርስኮፕ በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? የነካችሁ ካላችሁ የት ግቢ፣ በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ከታች ጻፉ። ያልነካችሁም ጻፉ። ስሙን ሰብስበን ለየዲፓርትመንቱ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ረቂቁን እኔ እጀምራለሁ፣ ጊዜው እንደሆነ አለኝ።